ለአጭር ጊዜ የሚተከል አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ፦ ከዋቱ በፊት ከፍታው

ድንገተኛ አደጋ ሕዝብን ከቀዬው ሲያፈናቅል ከእህልና ከመጠለያ እኩል የሚያስፈልገው መረጃ ነው። ውኃ የት እንደሚታደል፣ ክትባት መቼ እንደሚሰጥ፣ የጠፋ ልጅ ማን ዘንድ እንደሚገኝ ያልሰማ ተፈናቃይ የተዘጋጀለት ርዳታ እንኳ ያመልጠዋል። መብራትና ስልክ በተቋረጠበት ስፍራ ይህን ክፍተት በፍጥነት ከሚሞሉት አንዱ አነስተኛ የኤፍ ኤም ጣቢያ ነው።

በጥር 1987 ዓ.ም. በጃፓን ኮቤ ከተማ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በናጋታ ሰፈር የሚኖሩ ብዙ የውጭ ተወላጆች በጃፓንኛ የሚነገረውን መመሪያ በሚገባ መረዳት አልቻሉም። ስለዚህ ኮሪያውያኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቋንቋቸው የሚናገር ጣቢያ አቆሙ። በሚያዝያ ደግሞ በታካቶሪ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለቬትናማውያንና ለሌሎችም ሁለተኛ ጣቢያ ተከፈተ። ሁለቱ በሐምሌ ተዋሕደው ኤፍ ኤም ዋይ ዋይ ተባሉ፤ አደጋው በደረሰ በዓመቱም ሕጋዊ ፈቃድ አገኙ።

የጣቢያው ክፍሎች

ድምፅ ከማይክሮፎን ተነሥቶ ወደ ድምፅ ማቀናበሪያው (ሚክሰር)፣ ከዚያ ወደ ማሰራጫው፣ ከማሰራጫው በገመድ ወደ አንቴናው ይሄዳል። ለስቱዲዮ ጸጥ ያለ ክፍልና ግድግዳውን የሚሸፍን ወፍራም ጨርቅ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚሻው ከማሰራጫው በኋላ ያለው ነው።

ከፍታ

ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ዋት ነው?» ብለው ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «አንቴናው የት ይቆማል?» የሚለው ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። በሜዳማ ስፍራ የአንቴናን ከፍታ በእጥፍ ማሳደግ የማሰራጫን ኃይል አራት እጥፍ ከማድረግ ጋር የሚቀራረብ ውጤት አለው። ምሰሶ ማስረዘም ደግሞ ትልቅ ማሰራጫ ከመግዛት ይረክሳል፤ ነዳጅም አይጠይቅም።

አንቴናው ራሱ ቀላል ነው። ለ100 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም በዙሪያው ሁሉ ያሰራጫል። ምሰሶው ከቤተ መቅደሱና ከመብራት መስመር ርቆ፣ በሽቦ ተወጥሮ፣ ለመብረቅም የመሬት መስመር ተበጅቶለት ይተከል።

ገመድ

ከ30 ዋት ማሰራጫ የወጣ ኃይል በ30 ሜትር ቀጭን ገመድ (አር ጂ 58) ሲያልፍ አንቴናው ላይ የሚደርሰው 10 ዋት ገደማ ብቻ ነው። በወፍራሙ (አር ጂ 213) ግን 19 ዋት ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ገመዱ አጭርና ወፍራም ይሁን፤ መጋጠሚያውም ዝናብ እንዳይገባው ይሸፈን።

አንቴና ሳይገጠምለት ማሰራጫ ፈጽሞ አይከፈትም፤ የሚሄድበት ያጣው ኃይል ተመልሶ ማሰራጫውን ሊያቃጥለው ይችላል። ተመላሹን ኃይል የሚለካው መሣሪያም ከመጀመሪያው ስርጭት በፊት ይታይ።

ኤሌክትሪክ

ማሰራጫው፣ ማቀናበሪያውና ኮምፒዩተሩ በአንድነት 150 ዋት ቢወስዱ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ በመጠቀም አራት ሰዓት ያሠራቸዋል። ባትሪን ጨርሶ ማራገፍ ዕድሜውን ያሳጥራል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከማሰራጨት ይልቅ ጠዋትና ማታ በታወቀ ሰዓት ማሰራጨት ይመረጣል፤ አድማጩም የሬዲዮውን ባትሪ ይቆጥባል።

ፈቃድ

በሀገራችን የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድና ያለ ተመደበ ሞገድ ለአንድ ቀን እንኳ ማሰራጨት አይገባም። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኤፍ ኤም ሞገድ በ108 ሜጋ ኸርዝ ሲያበቃ ከዚያ በላይ ያለው የአውሮፕላን መገናኛ ነው፤ ማጣሪያ የሌለው ርካሽ ማሰራጫ ወደዚያ ሊያፈስ ይችላል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤያት ስለዚህ ጉዳይ ሲመክሩ ግዢው የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። አስቀድሞ ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ኮረብታው በእግር ይታይ፤ በመጠለያው የሚነገሩት ቋንቋዎች ይመዝገቡ፤ በየዕለቱ ትክክለኛውን መረጃ ከጤና ጣቢያና ከርዳታ አስተባባሪዎች ተቀብሎ የሚያነብ ሰው ይመደብ። እነዚህ ከተሟሉ አነስተኛ ማሰራጫ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ካልተሟሉ ግን ትልቁም ቢሆን ለተፈናቃዩ የሚጠቅመው ነገር የለም።