ከመጽሔቱ በፊት ሻጩን መመዘን፦ የቆየ ኮሚክ በኢንተርኔት ለሚገዙ

«አሜዚንግ ፋንታሲ» የተባለው የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔት 15ኛ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1962 ሲወጣ ዋጋው 12 ሳንቲም ነበር። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ቁጥር ነው። በ2021 ከቅጂዎቹ አንዱ ሄሪቴጅ በተባለው አጫራች ድርጅት በኩል በ3.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሽፋኑ የተጨማደደ፣ ጥጉ የተበላ የዚያው ቁጥር ቅጂ ግን በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገኛል። ታሪኩም ሥዕሉም አንድ ነው፤ ዋጋውን ያራራቀው የመጽሔቱ ይዞታ ነው።

አብዛኛው ሰብሳቢ የሚገዛው የሃምሳ ወይም የሁለት መቶ ዶላር መጽሔት ነው። ችግሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ በኢንተርኔት ገበያ የይዞታውን ደረጃ የሚናገረው ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ራሱ ነው። ስለዚህ መጽሔቱ ከመመርመሩ በፊት ሻጩ መመርመር አለበት።

ደረጃው ምን ይለካል?

ሰብሳቢዎች የሚግባቡበት ሚዛን ከ0.5 እስከ 10 ይደርሳል። ደረጃዎቹን በስፋት ያስተዋወቀው ሮበርት ኦቨርስትሪት በ1970 ማሳተም የጀመረው የዋጋ መመሪያ ነው። 9.4 «ኒር ሚንት» ይባላል፤ ከማተሚያ ቤት ዛሬ የወጣ ሊመስል ጥቂት የቀረው ማለት ነው። 8.0 «ቬሪ ፋይን»፣ 6.0 «ፋይን»፣ 4.0 «ቬሪ ጉድ»፣ 2.0 ደግሞ «ጉድ» ነው። ጀማሪ ገዢ በዚህ የመጨረሻው ስም ይታለላል። «ጉድ» የተባለ መጽሔት ገጾቹ ተሟልተው ይነበባል እንጂ በጣም የተጎሳቆለ ነው፤ ከሽፋኑም ቁራጭ ሊጎድል ይችላል።

ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ደረጃዎቹ ይቀራረባሉ፣ ዋጋቸው ግን ይራራቃል። 9.2ን ከ9.8 በፎቶ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል፤ የዋጋው ልዩነት ግን እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ሻጭ ለማጋነን የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ሻጭ ለምን ያጋንናል?

አንዳንዱ ሻጭ አያውቅም። ከዘመድ ካርቶን ሙሉ መጽሔት ወርሶ «ለዕድሜው በጣም ጥሩ ነው» ይላል። ሚዛኑ ግን ለዕድሜ አያዝንም፤ የ1962ቱም የ2012ቱም መጽሔት የሚለካው በአንድ መለኪያ ነው። ሌላው ያውቃል፣ ነገር ግን የራሱ ዕቃ ስለሆነ ጭረቱ አይታየውም። የቀረው ደግሞ አይቶ ይደብቃል። ለገዢው ኪስ ሦስቱም ያው ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል። የማያውቀውን በጥያቄ ማረም ይቻላል። ዕቃውን ለሚወድደው ሻጭ ከተናገረው ደረጃ ዝቅ አድርጎ ዋጋ ማቅረብ ነው። ከሚደብቀው መራቅ ይሻላል።

ፎቶውንና ጽሑፉን ያስተያዩ

የሻጩን ሚዛን ለማወቅ የፈለጉትን መጽሔት ለጊዜው ይተዉና ለሽያጭ ያወጣቸውን ሌሎች መጽሔቶች ይክፈቱ። እንደ ኢቤይ ባሉ ገበያዎች የአንድን ሻጭ ዕቃ በሙሉ ማየት ይቻላል። አምስት ስድስት መጽሔት መርጠው፣ የተጻፈውን ደረጃ ሳያነቡ ከፎቶው ብቻ የራስዎን ግምት ይስጡ። ከዚያ ሻጩ ከሰጠው ጋር ያስተያዩት። አንዴ ቢለያዩ የእርስዎ ዓይን ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ እሱ ከፍ፣ እርስዎ ዝቅ ካላችሁ ግን የሻጩ ልማድ ነው።

ሲመለከቱ ፎቶውን አጉልተው ስቴፕል ከተመታበት የግራ ጠርዝ ይጀምሩ። መጽሔቱ በተከፈተ ቁጥር እዚያ ላይ ትናንሽ አግድም ጭረቶች ይፈጠራሉ። ጭረቱ ቀለሙን ካልሰበረ ጉዳቱ ቀላል ነው። ነጭ የወረቀት መስመር ከታየ ግን ቀለሙ ተሰብሯል፤ መጽሔቱን በመጫን ማስተካከል የሚችሉ ባለሙያዎችም የተሰበረ ቀለም አይመልሱም። በጥቁር ሽፋን ላይ መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ በነጭ ሽፋን ላይ ይደበቃሉ። 9.4 በተባለ መጽሔት ላይ ስምንት ዘጠኝ ነጭ መስመር ከቆጠሩ የሻጩን ቁጥር ይርሱት። ቀጥሎ አራቱ ጥጎች ሹል ናቸው ወይስ ተድቦልቡለዋል? ስቴፕሉ ዝጓል? ዝገቱስ ወረቀቱን ነክቷል?

በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንዳለ የተነሣ ፎቶ ብልጭታው ጭረቱን ይሸፍናል። ሻጩ ከከረጢቱ አውጥቶ፣ ብርሃን ከጎን እየመታው፣ የፊቱንም የኋላውንም ሽፋን እንዲያነሣልዎት ይጠይቁ። በትሕትና ተጠይቆ ከሚቆጣ ወይም ዝም ከሚል ሻጭ አይግዙ።

ከሽፋኑ ሥር ያለውስ?

«ኢንክሬዲብል ሃልክ» ቁጥር 181 በ1974 የወጣ፣ ዎልቨሪን የተባለው ገጸ ባሕርይ በሙሉ ታሪክ የገባበት ተፈላጊ መጽሔት ነው። አሳታሚው ማርቭል በዚያ ዘመን በመጽሔቶቹ ውስጥ አንባቢዎች ቆርጠው የሚሰበስቡት «ቫልዩ ስታምፕ» የተባለ ትንሽ ሥዕል ያትም ነበር፤ ብዙ ልጆችም በመቀስ ቆርጠው አውጥተውታል። ሽፋኑ 8.0 የሚመስል ቅጂ ስታምፑ ከጎደለ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል፤ የሽፋን ፎቶ ደግሞ ይህን አይናገርም። ጠንቃቃ ሻጭ ሳይጠየቅ ስታምፑ እንዳለ ይጽፋል፣ የገጹንም ፎቶ ያያይዛል። ለማንኛውም የቆየ መጽሔት የመሃሉ ወረቀት ከስቴፕሉ እንዳልተላቀቀ፣ ገጾቹ ነጭ ይሁኑ ወይም ወደ ቡናማ የሄዱና የሚፈረፈሩ፣ ጠርዙ አዲስ እንዲመስል የተከረከመ ወይም ቀለም የተቀባ እንዳልሆነ ይጠይቁ። ጥያቄውንም መልሱንም በገበያው የመልእክት መስጫ ያድርጉት፤ ክርክር ከመጣ ማስረጃ ነው።

የደንበኛ አስተያየት እስከ ምን ይታመናል?

99 በመቶ ደንበኛ ያመሰገነው ሻጭ ደረጃ አሰጣጡ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚያመሰግነው ዕቃው ቶሎ ስለደረሰና በደንብ ስለታሸገ ነው። ኮሚክ የገዙ ሰዎች ስለ ደረጃው የጻፉትን ለይተው ያንብቡ፤ ቅሬታ ሲቀርብበት ሻጩ ምን ብሎ እንደመለሰም ይዩ።

የሻጩ አጻጻፍም ይናገራል። «ከታች በግራ ጥግ 3 ሚሊ ሜትር እጥፋት አለ» የሚል ሰው መጽሔቱን በእጁ ይዞ አይቷል። የኒር ሚንት ዋጋ ጠይቆ «እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ፎቶውን አይተው ራስዎ ይፍረዱ» የሚል ግን ትርፉን ለራሱ፣ ስሕተቱን ለገዢው አድርጎታል።

በሣጥን የታሸገ ከሆነ

በ2000 በአሜሪካ ሥራ የጀመረው ሲጂሲ የተባለ ድርጅት መጽሔት መርምሮ፣ ደረጃ ሰጥቶ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ሣጥን ያሽጋል። ሰማያዊ መለያ መደበኛውን ደረጃ፣ ሐምራዊ ደግሞ መጽሔቱ መታደሱን ያመለክታል። ይህ የሻጩን ቃል ከመሃል ያወጣል፣ ጥንቃቄን ግን አይተካም። በ2023 መጨረሻ ሣጥን ከፍቶ መጽሔት የመቀየር ማጭበርበር ተገልጦ ድርጅቱ የተጠረጠሩ ሣጥኖችን ቁጥር ይፋ ለማድረግ ተገድዷል። ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብተው ያረጋግጡ፤ የሣጥኑ ጠርዝ መሰንጠቁን ወይም መፋቁንም ይዩ።

ከዚያስ?

ከአዲስ ሻጭ መጀመሪያ ርካሽ መጽሔት ይግዙ። እሽጉን ሲከፍቱ ቪዲዮ ያንሡ፤ እንደተባለው ካልሆነ በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ፎቶ አያይዘው ያመልክቱ። ለውዱ ግዢ ደግሞ ሻጩ የጻፈውን ሳይሆን በዓይንዎ ያዩትን ደረጃ ይያዙ፤ ያ ደረጃ በቅርብ ጊዜ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ይፈልጉ፣ የሚያቀርቡትም ያን ይሁን። ሻጩ እምቢ ካለ ይለፉት። በ1970ዎቹ የወጡ የማርቭል ቁጥሮች በመቶ ሺዎች ቅጂ የታተሙ ናቸውና ሌላ ቅጂ መምጣቱ አይቀርም።