የፀሐይ መኪና፦ ተረቱና እውነታው

ከዲላ ብዙ ሳትርቅ በምትገኘው ጪጩ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ከተማና መንደር ሁሉ፣ ልጆች መኪና የሚሠሩት ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከቆርኪ ነው። ረጅሙ ሽቦ መሪ ይሆናል፣ ሞተሩ የልጁ እግር ነው። አሁን አሁን በየመጫወቻ መደብሩ ሌላ ዓይነት መኪና ይታያል። መጠኗ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ጣሪያዋ ላይ መስታወት የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ ነገር ተለጥፎባታል። ባትሪ ድንጋይ አይገባባትም፣ ማብሪያ ማጥፊያም የላትም። ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጧት ትሮጣለች፣ ጥላ ውስጥ ስትገባ ቀጥ ትላለች።

ብዙ ጊዜ ይህች መኪና ዕድሜዋ የሚያጥረው ልጁ ሰብሯት ሳይሆን አዋቂው ተሳስቶባት ነው። ማታ ቤት ውስጥ ይሞክሯታል፣ አትንቀሳቀስም። «ተበላሽታለች» ይባልና መደርደሪያ ላይ ትወጣለች፣ ወይም «እስኪ ትሞላ» ተብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ትሰጣለች። አንድ ልጅ ስለ ብርሃንና ስለ ኤሌክትሪክ በገዛ እጁ ሊማርባት የሚችል ዕቃ በዚህ መንገድ ከንቱ ሲቀር ያሳዝነኛል። ስለዚህ የሚባለውን ከሆነው እንለይ።

«ፀሐይ ላይ አስጧት፣ ትሞላለች»

አትሞላም፤ የምትሞላበት ነገር የላትም። ከጣሪያዋ ፓነል የሚነሱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በቀጥታ ልጆች «ዲናሞ» ከሚሏት ትንሽ ሞተር ጋር ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው ምንም ማጠራቀሚያ የለም። በዚች ቅጽበት የወደቀው ብርሃን በዚችው ቅጽበት ጎማ ያዞራል፣ ያልተጠቀሙበት ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለችውም ሆነ አሁን ከካርቶን የወጣችው መኪና እኩል ይሮጣሉ፣ ጨለማ ውስጥም እኩል ይቆማሉ። መቆሟ ብልሽት ሳይሆን አሠራሯ ነው።

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በየቤቱ የደከመ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ጥቂት ጊዜ ስለሚናገር «ፀሐይ ሞላችው» ይባላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ተራው ባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዚንክ የተባለው የውጭ ቆርቆሮው በኬሚካል እየተበላ ነው፤ የተበላውን ዚንክ ፀሐይ አትመልሰውም። ሙቀቱ የሚያደርገው ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኬሚካል ማነቃቃት ብቻ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሞታል። ከዚያም በላይ፣ ቆርቆሮው ስለሳሳ በሙቀት ፈሳሹ ሊወጣና ሬዲዮውን ሊበላው ይችላል። ፀሐይ ባትሪ ድንጋይ ላይ ስታርፍ ታሞቀዋለች፣ ፓነል ላይ ስታርፍ ኤሌክትሪክ ታስነሳለች። ሁለቱ አይገናኙም።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ መጫወቻ፣ እንዲሁም በየገጠሩ የምናውቀው የሶላር ፋኖስ፣ በውስጡ የሚሞላ ባትሪ አለው። መለያው ቀላል ነው፦ ጨለማ ውስጥ ወስደው ቢሠራ ያጠራቀመው ነገር አለ፣ ካልሠራ የለም። ተቃራኒውም ያጋጥማል። «ሶላር» ተብሎ የሚሸጥ ሒሳብ ማሽን ብዙ ጊዜ ከጀርባው ትንሽ የቁልፍ ባትሪ አለው፣ ፓነሉ አጋዥ ብቻ ነው።

«ሙቀቱ ነው የሚያስነዳት»

ይህኛው ስህተት በየቦታው ያለ ሲሆን፣ ዲላና ጪጩ በሚገኙበት በጌዴኦ ግን ማስተባበያው ከደጅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የታጠበ ቡና በአልጋ ላይ ሲደርቅ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ሠራተኞቹ ቅርፊቱ እንዳይሰነጣጠቅ ቡናውን ይሸፍኑታል። ለቡናው ዋናው ሙቀትና ነፋስ ነው፣ ሲበዛ ደግሞ ጉዳት ነው። ፓነሉም በዚህ አንድ ነገር ቡናውን ይመስላል፣ የቀትሩ ሙቀት ይጎዳዋል። የሚፈልገው የቀትሩን ብርሃን ነው።

የፓነሉ አካል ሲሊከን ነው፣ ከአሸዋ የሚወጣ ንጥረ ነገር። ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ይፈናቀላሉ፤ የእነሱ በአንድ አቅጣጫ መንጎድ ነው ኤሌክትሪክ የምንለው። ሙቀት በዚህ ሥራ ውስጥ እንቅፋት ነው። ፓነሉ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በረሃ ላይ 65 ዲግሪ የደረሰ ፓነል ከአቅሙ አንድ ስድስተኛውን አጥቷል ማለት ነው። ዲላ ከባሕር ወለል 1,570 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብም 6 ዲግሪ ተኩል ብቻ ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ፣ አየሩ መካከለኛ፣ ብርሃኑ ግን ብርቱ ነው። ለዚህች መኪና ከዲላና ከጪጩ ሰማይ የተሻለ ብዙ አይገኝም።

ከፀሐይ አቅጣጫ ጋር ያለው ነገር ደግሞ ልጆች ቶሎ የሚገባቸው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢት 28 እና ጳጉሜን 1 አካባቢ፣ የቀትሯ ፀሐይ በዲላ አናት ላይ በቀጥታ ትቆማለች። ያኔ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም ማለት ይቻላል፣ በጣሪያዋ ላይ የተጋደመው ፓነልም ብርሃኑን በሙሉ ይቀበላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ስለሆነ ብርሃኑ ፓነሉን በጎን ይልሰዋል፤ ያው መኪና ከግማሽ በታች ኃይል ያገኛል፣ ምናልባትም አትነሳም። ልጁ መኪናዋን አንስቶ ፊቷን ወደ ፀሐይ ሲያዞረው ጎማዋ እጁ ላይ መሽከርከር ይጀምራል። ይህን አንዴ ያየ ልጅ ፓነል በየጣሪያው ላይ ለምን ተዘንብሎ እንደሚተከል ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

«ትንሽ ጥላ ምን ያደርጋታል?»

ብዙ ያደርጋታል። ጌዴኦ ደግሞ የጥላ አገር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ ከጎኑ እንሰት ተደራርበው በሚበቅሉበት የጥምር እርሻ ሥርዓቱ ጭምር ነው። ቡናው የሚወደው ያ በቅጠል መካከል የተጣራ ብርሃን መኪናዋን ያስቆማታል።

ምክንያቱን በቅርብ ለማየት ፓነሉን ልብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ላዩ ላይ በቀጫጭን መስመሮች የተከፋፈሉ ቁራጮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ነው። ሞተሯ 2 ቮልት ከፈለገች አራት ቁራጭ በሰንሰለት ይያያዛሉ። በሰንሰለት በተያያዙ ቁራጮች ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አንድ ነው፤ አንዷ ጥላ ካረፈባት የሁሉም መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ አንድ የቡና ቅጠል ሩብ ፓነል ሸፍና የምትቀንሰው ሩብ ኃይል ሳይሆን ሁሉንም ማለት ይቻላል። በጣት መሞከር ይቻላል፦ መኪናዋ እየሮጠች ሳለ አንዷን ቁራጭ ብቻ በጣት መሸፈን ነው። ጣሪያቸው ላይ ፓነል ያስተከሉ ሰዎች «ሶላሩ ደከመ» ከማለታቸው በፊት የተንጠለጠለችውን አንዲት ቅርንጫፍ ቢቆርጡ ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይፈታል።

ደመና ሌላ ነው። ደመና ብርሃኑን ያሳሳዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ፓነሉም በሳሳው ብርሃን ጥቂት ይሠራል። ዲናሞዋ ግን ለመነሳት የምትፈልገው ዝቅተኛ ኃይል አለ፤ ከዚያ በታች ምንም አትነቃነቅም። «በደመና ሶላር አይሠራም» የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ፓነሉ እየሠራ ነው፣ ሞተሯን ማስነሳት ነው ያቃተው።

የቤት አምፖልም ተስፋ አይሆንም። ለዓይናችን የበራ የሚመስለን ክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን ከቀትር ፀሐይ ሦስት መቶኛውን ያህል ቢሆን ነው። የሙሉ ጨረቃ ብርሃንማ ከፀሐይ በ400,000 እጥፍ ያነሰ ነው።

«ይቺ ከሮጠች ትልቋም ትሮጣለች»

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ አነጋገር በየቦታው ይሰማል፦ የኤሌክትሪክ መኪና ጣሪያ ላይ ፓነል ቢለጠፍ ለምን ቻርጅ ያስፈልጋል?

የሚገርመው የፀሐይ መኪና ታሪክ ራሱ የተጀመረው በመጫወቻ መጠን ነው። ሚያዝያ 17 ቀን 1946 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች፣ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የሲሊከን ፓነል ለሕዝብ አሳዩ። በተከታዩ ዓመት፣ ነሐሴ 25 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ የጄኔራል ሞተርሱ ዊልያም ኮብ ቺካጎ በተካሄደ የመኪና ትርዒት ላይ «ሰንሞቢል» የተባለች የፀሐይ መኪና አቀረበ። ርዝመቷ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ 12 የሴሌኒየም ቁራጮች ትንሿን ሞተሯን ያሽከረክሩ ነበር። የዓለም የመጀመሪያዋ የፀሐይ መኪና የምትባለው እሷ ናት። ዛሬ በልጆች እጅ ያለችው የእሷ ታናሽ ናት።

ታዲያ ትንሿ የቻለችውን ትልቋ ለምን አቃታት? ሒሳቡ ግልጽ ነው። የአንድን መኪና ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት እጥፍ ብናደርግ፣ ብርሃን የሚቀበለው ጣሪያዋ 4 እጥፍ ይሰፋል፤ ክብደቷ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። መኪና ባደገች ቁጥር ሸክሟ ከጣሪያዋ ይቀድማል። 3 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓነል በጠራ ቀትር ሩብ ዋት ያህል ያመነጫል፤ ጥቂት ግራም ለምትመዘን መኪና ይህ ከበቂ በላይ ነው። የእውነተኛ መኪና ጣሪያ 2 ካሬ ሜትር ቢሆን በጥሩ ፓነል 400 ዋት ይሰጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከ7,000 ዋት በላይ ትፈልጋለች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ብትቆም የምታጠራቅመው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ቢያስኬዳት ነው፤ ከዲላ ተነስታ ወናጎ ለመድረስ ያህል ማለት ነው። ለዚያውም ዳገቱ ሳይቆጠር።

አይቻልም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 ሃንስ ቶልስትሩፕና ላሪ ፐርኪንስ በፀሐይ ብቻ በምትሄድ መኪና ከፐርዝ ተነስተው በጥር 1983 ሲድኒ ገቡ፤ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን አውስትራሊያን በ20 ቀን አቋረጡ። መኪናቸው እጅግ ቀላል ነበረች፤ አማካይ ፍጥነቷም በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለኛ የሚያዋጣው ፓነሉን መኪናው ጣሪያ ላይ መለጠፍ ሳይሆን ቤቱ ጣሪያ ላይ ዘርግቶ መኪናውን ከዚያ መሙላት ነው። ቦታው ሰፊ ነው፣ ክብደቱም ማንንም አይጎዳም።

«ከውጭ ካልመጣ አይሠራም»

ስለዚህኛው ብዙ ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም የጪጩው ባለ ሽቦ መኪና ልጅ ሥራውን ከግማሽ በላይ ጨርሶታል። አካሉ አለው፣ ጎማው አለው። የሚጎድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። ዲናሞው ከተበላሸ የዲቪዲ ማጫወቻ ወይም ከተሰበረ የባትሪ መጫወቻ ይወጣል። ፓነሉ ደግሞ ባትሪው ከሞተ የሶላር ፋኖስ ይገኛል፤ ፋኖሱ ሲጣል ብዙ ጊዜ የሞተው ባትሪው እንጂ ፓነሉ አይደለም።

አሠራሩ ላይ ልጆችን የሚያደክመው አንድ ነገር ነው፦ ዲናሞው በጣም ይፈጥናል፣ ጉልበት ግን የለውም። ዘንጉን በቀጥታ ከጎማው ጋር ቢያያይዙት አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ከቀጭኑ የዲናሞ ዘንግ ወደ ሰፊ ቆርኪ ላስቲክ መወጠር ያስፈልጋል፤ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ስስ አድርጎ የተቆረጠ ቀለበት ለዚህ ይሆናል። ትንሹ ብዙ ጊዜ ዞሮ ትልቁን አንዴ ሲያዞረው ፍጥነቱ ወደ ጉልበት ይቀየራል። መኪናው ወደ ኋላ ከሄደ ሁለቱን ሽቦዎች ማለዋወጥ በቂ ነው።

«ሶላር ስለሆነ ለልጅ አደጋ የለውም»

ግማሹ እውነት ነው። ከዚህች መኪና ፓነል የሚወጣው ሁለትና ሦስት ቮልት ማንንም ልጅ አይነዝርም፤ እናቶች በዚህ በኩል ሊሰጉ አይገባም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ፀሐይዋን ለመፈለግ ቀና ብሎ መመልከት ዓይን ይጎዳል፤ ልጁ ፀሐይዋን ሳይሆን የመኪናዋን ጥላ እያየ ማስተካከል ይችላል። «ብርሃን እንጨምርላት» ብሎ ማጉያ መነጽር መደገንም ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ እጅ ያቃጥላል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን በብዙ ርካሽ መጫወቻዎችና በሒሳብ ማሽኖች ውስጥ ያለችው ክብ የቁልፍ ባትሪ ናት። አንድ ሕፃን ውጧት ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ልታደርስ ትችላለች። ማስመለስም ሆነ ሕመሙ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። የፀሐይ መኪና ሲገዙ ገልብጦ ሆዷን ማየት፣ የባትሪ ክዳን ካላት ደግሞ በብሎን የታሰረ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ክዳን የሌላት፣ ፀሐይ ላይ ብቻ የምትሮጠው፣ ጥላ ውስጥ የምትቆመው ለትንሽ ልጅ የምትመረጠው እሷ ናት።