ሜርኩሪ ላይ ያለው በረዶ ነው ወይስ ድኝ?

ሜርኩሪ ላይ የውሃ በረዶ አለ። አዎ፣ ለፀሐይ ከሁሉም በምትቀርበው፣ ቀን ላይ ሙቀቷ እስከ 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርሰው ሜርኩሪ ላይ።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሜርኩሪ እዚህ ግባ የሚባል አየር የላትም። ስለዚህ ፀሐይ ያረፈበት ይቃጠላል፤ ጥላው ውስጥ ያለው ግን ሙቀት የሚያደርስለት የለም። የምትሽከረከርበት ዘንግም ቀጥ ያለ ነው፤ የመሬት ከ23 ዲግሪ በላይ ሲያዘነብል የእሷ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት ዋልታዎቿ ላይ ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ከፍ አትልም፤ የጥልቅ ጉድጓዶቹም ወለል ብርሃን ሳያይ ይኖራል። እዚያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 170 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ከመሬት የተላከ የራዳር ሞገድ ከሜርኩሪ ሰሜን ዋልታ ልክ ከበረዶ ላይ እንደሚመለስ ሆኖ ደምቆ ተመለሰ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን «ድኝም እንዲህ ሊያንፀባርቅ ይችላል» ብለው ተከራከሩ።

የድኙ ግምት መሠረት የሌለው እንዳልነበረ ኋላ ላይ ታየ። ሜሴንጀር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በመጋቢት 2011 ሜርኩሪን መዞር ጀምራ የገጽታዋን ኬሚስትሪ ስትለካ፣ ድኙ በክብደት እስከ 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። እምብርቷ ግዙፍ የብረት ክምችት ሆኖ ሳለ፣ ላይ ላዩን ያለው ብረት ግን 2 በመቶ እንኳ አይደርስም። ምክንያቱ ኦክስጅን ያነሰው አፈጣጠሯ ነው ተብሎ ይታመናል፦ እንዲህ ሲሆን ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ሳይዋሃድ ወደ እምብርት ይሰምጣል፤ ድኙ ደግሞ በቀለጠው ዓለት ውስጥ ሟሙቶ ላይ ይቀራል። ፖታሲየምና ሶዲየምም ተገኝተዋል። «ሜርኩሪ በቀላሉ የሚተን ነገሯን ሁሉ በሙቀት አጥታለች» የሚለው የቆየ ሐሳብ እዚህ ላይ ተናጋ።

ታዲያ ዋልታው ላይ ያለው የቱ ነው? የለየው ኒውትሮን ነው። የጠፈር ጨረር አፈሩን ሲመታ ኒውትሮኖች ይፈናጠራሉ። ኒውትሮን በክብደት እኩያው ከሆነው ሃይድሮጂን ጋር ሲጋጭ፣ ብይ ሌላ ብይ መትታ ባለችበት እንደምትቆም፣ ፍጥነቱን ያስረክባል። እጅግ ከሚከብደው የድኝ አቶም ጋር ሲጋጭ ግን ነጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። ሜሴንጀር በሰሜን ዋልታ ላይ ስታልፍ ፈጣኖቹ ኒውትሮኖች ቀንሰው አገኘቻቸው። ሃይድሮጂን አለ ማለት ነው፤ ከራዳሩ ጋር ሲደመር ውሃ። ውጤቱ በ2012 ይፋ ሆነ።

አብዛኛው በረዶ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር በሚሆን ጥቁር ሽፋን ሥር ተቀብሯል፤ ሽፋኑ ካርቦን የበዛባቸው ውሁዶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ፕሮኮፊየቭ በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ግን በረዶው ራሱ ገጽ ላይ ወጥቷል። ወደዚያ ያመጡት ጅራታም ኮከቦችና አስትሮይዶች እንደሆኑ ይገመታል።

ሜሴንጀር ለሰሜኑ ቀርባ፣ ከደቡቡ ርቃ ነበር የምትዞረው፤ ስለዚህ ኒውትሮኑ የመሰከረው ለሰሜኑ ብቻ ነው። በ2018 የመጠቀችው የአውሮፓና የጃፓን ቤፒኮሎምቦ አንዱ ሥራዋ ደቡቡንም በቅርበት ማየት ነው።