የዘር ጥራት ብቻ አይበቃም፦ የአውራ በጎች የስሪያ ጠባይና የማስረገዝ ብቃት በላታም ዝርያዎች

የአውራ በግ የማስረገዝ ብቃት ሲገመገም አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው የዘር ፈሳሹ ነው፤ መጠኑ፣ የዘር ሕዋሳቱ ብዛትና እንቅስቃሴ። የቆለጡ ዙሪያም ይለካል። እነዚህ መለኪያዎች አስፈላጊ ቢሆኑም አውራው ሴቷን በትክክል ማጥቃት መቻሉን አይነግሩንም። የስሪያ ፍላጎትና የዘር ጥራት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው፤ ፍላጎቱ የበረታ አውራ መካን ሊሆን፣ ዘሩ የተመሰገነውም ሴቷን ከማሽተት ሳያልፍ ሊቀር ይችላል።

ጉዳዩ በአገራችን የተለየ ክብደት አለው። የመንዝ፣ የዋሸራ፣ የሆሮና የቦንጋ በጎች ላታም ናቸው። በላታም መንጋ ውስጥ ያደገ አውራ በስሪያ ጊዜ ላቷን ገፍቶ ከመንገዱ ያርቃል። እንደ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ካሉ ቀጭን ጅራት ዝርያዎች የመጣ አውራ ግን ይህ ልምድ የለውም፤ ደጋግሞ ይወጣል፣ ሳይሳካለት ይወርዳል፣ ይደክማል። በዚህ ጊዜ ላቱን በእጅ ይዞ ማገዝ ወይም ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴን መጠቀም ግድ ይሆናል። በደብረ ብርሃን ከመንዝ ጋር የተዳቀለው አዋሲ ራሱ ላታም ነው። ስለ አዋሲ ሲወሳ ሱፉና የሰውነት ግዝፈቱ ይቀድማሉ፤ በእኔ አመለካከት ግን ይህም እንደ ብልጫ ሊቆጠርለት ይገባል።

የወቅት ልዩነትም አለ። የብዙ አውሮፓውያን ዝርያዎች የስሪያ ፍላጎት ቀኑ ሲረዝም ይቀንሳል፤ የእኛዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ይራባሉ።

አንድ አውራ በበርካታ አባወራዎች መንጋ ውስጥ ሲያገለግል ጉድለቱ ዘግይቶ ከታወቀ የሚታጣው የብዙ ቤት ግልገል ነው። የሴት በግ የድራት ዑደት 17 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ የአውራው ደረት ቀለም ተቀብቶ በ17ኛው ቀን አካባቢ እንደገና ቀለም የነካት ሴት አለመፀነሷ ይገመታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ቀለሙ የሚመሰክረው አውራው መውጣቱን እንጂ ማጥቃቱን አይደለም። በላታም ሴቶች ላይ ይህ ልዩነት ሰፊ ነው። ስለዚህ ብዙ ሴቶች በተመለሱ ጊዜ አውራውን ከማስወገድ በፊት ድራት ላይ ካለች ሴት ጋር አድርጎ በዓይን መከታተል ይቀድማል። በትክክል እያጠቃ ሴቶቹ የሚመለሱ ከሆነ የዘር ፈሳሹ ይመርመር። ጉድለቱ በቅርብ ሕመም ወይም ትኩሳት የመጣ ከሆነ፣ ዘሩ ተሠርቶ ለመብሰል ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅበት ምርመራው ከዚያ በኋላ ሊደገም ይገባል።