የገጠር ወንጀል ጥናት እንዴት ራሱን ቻለ?

ስለ ወንጀል በተነገረ ቍጥር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበን ከተማ ነው፤ ገጠር ግን የሰላም ቦታ ተደርጎ ይገመታል። ይህ ሐሳብ በተራው ሰው ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሊቃውንትም ዘንድ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሮአል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐሳቡ እንዴት እንደ ተለወጠ ባጭሩ ማስረዳት ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሮበርት ፓርክና ኧርነስት በርጀስ በቺካጎ የከተማን ኑሮ መረመሩ። ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ ማኬይም በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የወጣቶች ጥፋት የሚበዛው ድህነት ባለበትና ነዋሪው ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ሰፈር መሆኑን አሳዩ። ከዚህም የተነሣ፥ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት በገጠር ወንጀል እምብዛም አይገኝም የሚል ግምት ተለመደ። በ1940ዎቹ ማርሻል ክሊናርድ ስለ ገጠር ወንጀለኞች ቢጽፍም፥ ጥናቱ ራሱን የቻለ ትምህርት እስኪሆን ብዙ ዓመታት አለፉ።

በኋላ ጊዜ በአሜሪካ ጆሴፍ ዶነርማየር፥ በአውስትራልያም ኢሌን ባርክሌይ በገጠርና በእርሻ ላይ የሚፈጸመውን ወንጀል መረመሩ። በ2011 ለዚሁ ጥናት ብቻ የቆመ ዓለም አቀፍ መጽሔት ተጀመረ፤ በ2014 ዶነርማየርና ዎልተር ዲከሰረዲ ስለ ገጠር ወንጀል ጥናት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2019ም ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ።

የእነዚህ ሊቃውንት ዋና ትምህርት፥ መተዋወቅ ወንጀልን እንደሚከለክል ሁሉ ሊሸፍነውም ይችላል የሚል ነው። ባልዋ የሚደበድባት ሴት ፖሊሱ የባልዋ ባልንጀራ ከሆነ ለማን ትናገራለች?

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የጥንቱ አፈርሳታ፥ ወይም አውጫጭኝ፥ የተመሠረተው ሌባውን የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም በሚል እምነት ላይ ነበር። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ እየማለ ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው ካልታወቀም ካሣውን በጋራ ይከፍል ነበር። አባቶቻችን እንግዲህ መተዋወቅና መመስከር ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ተረድተውት ነበር።

በሬው የተሰረቀበት ገበሬ የሚጎዳው በበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የእርሻው ወራት ሳያርስ ያልፍበታል። ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ወይም ጎረቤቱን ከፈራ አቤቱታ አያቀርብም፤ ጉዳቱም ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ተመራማሪው መዝገቡ ባዶ መሆኑን አይቶ በዚያ ወንጀል የለም ከማለቱ በፊት፥ ወደ ገበሬው ቤት ሄዶ ሊጠይቅ ይገባዋል።