«ያድግበታል» ተብሎ የሚገዛ ጫማ

ክረምት ሲገባ በአዊ ምድር ጫማ የሚፈተነው በጭቃ ነው። የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ግምጃ ቤት ዙሪያ ከብት ጠባቂውም ተማሪውም የሚረግጠው ቀይ አፈር ያዳልጣል፣ እግር ላይም ይጣበቃል። ለዚህ ምድር ጫማ የሚገዛ ወላጅ ወይም አያት ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ለከርሞስ ይሆነዋል?»

ለኪስ ሲታሰብ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእግር ሲታሰብ ግን ጣጣ አለው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ ይህኛው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳሉ። ነገሩን ከአፈር ጋር ያገናኘው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ በገበያ ቀን የሰውን እግር እየተመለከተ በሽታው የሚበዛበትን ቦታ ከአፈሩ ዓይነት ጋር ያስተያይ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው ይገመታል። በአንድ ቤተሰብ መደጋገሙም እርግማን ሳይሆን የተጋላጭነት ውርስ ነው። አያት ወይም አጎት እግሩ ያበጠበት ቤት ለልጁ ጫማ ቀድሞ ያስብ።

ወደ መጠኑ እንመለስ። ሁለት ቁጥር የበለጠ ጫማ ጭቃ ያስገባል፣ ተረከዝ ይልጣል፤ ልጁም መንገድ ላይ አውልቆ በእጁ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ብሩም እግሩም ባከነ። ስለዚህ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። እግር ውሎ ትንሽ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ካልሲ አድርጎ፣ ቆሞ፣ በሁለቱም እግሩ ይለካ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቢተርፍ ይበቃል።

ቦቲ ከላይ ተጭኖ ስለማይታወቅ ሌላ ዘዴ ያስፈልገዋል። በበረዶ ተራራ ላይ በስኪ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ድርቅ ያለውን የፕላስቲክ ጫማቸውን ሲመርጡ የውስጥ ሽፋኑን ያወጡና፣ የእግር ጣታቸውን ከፊት አስነክተው ከተረከዝ ኋላ ስንት የእጅ ጣት እንደሚገባ ያያሉ። ለልጅ ቦቲም ይሠራል። አንድ ጣት ከገባ ልክ ነው፤ ሦስት ከገባ ለባለሱቁ መልሱለት።

ነጠላ ጫማና በረባሶ ከባዶ እግር ይሻላሉ እንጂ አፈሩን አይከለክሉም። ቀዳዳ ያለው ኮንጎም እንዲሁ። ሸራ ጫማ ለደረቅ ቀን ጥሩ ነው፤ በሐምሌ ግን ውኃ ይጠጣና ሳይደርቅ ይነጋል። ብሩ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከበቃ የሚያብረቀርቀው የበዓል ጫማ ይቅርና ድፍንና የሚታጠብ ይገዛ። ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ የሚወጣ ጫማ ማንንም ከአፈር አላዳነም። አዋቂዎችም ብንሆን ስናርስና ስንቆፍር ጫማችንን ከማሳው ዳር አውልቀን እንገባለን፤ ልጁ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ቦቲ እግር ያስልባል፤ ስለዚህ ማታ ማታ እግር በውኃና በሳሙና ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ይድረቅ፣ ካልሲም ይቀየር። ጫማውን ምድጃ ዳር አታስቀምጡት፣ ላስቲኩ ይሰነጠቃል። ይልቅ ውስጡን በገለባ ወይም በጋዜጣ ጠቅጥቁት፤ ይህንንም አንብባችሁ ስትጨርሱ መጠቀም ትችላላችሁ።

ልጁ የእግሩን ፊት ደጋግሞ የሚያክ፣ «ያቃጥለኛል» የሚል፣ ወይም ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር ካለው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይታይ። በዚህ ደረጃ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። እግራቸው ቀድሞ ያበጠባቸው አያቶችም ቢሆኑ «አለፈብኝ» አይበሉ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እግርን አዘውትሮ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ትኩሳትና ሕመም የሚቀሰቀስባቸውን ቀናት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለእነዚህ እግሮች ግን የሱቅ ጫማ ስለሚጠብ፣ ሰፋ አድርጎ የሚሠራ ጫማ ሰፊ መፈለግ ያስፈልጋል።