የሳስካቱን ሁለት ሽንፈቶች፤ በወጣቶች የበረዶ ላይ ሆኪ የደጋፊዎች ኀዘን ስለሚመራበት ሥርዐት

ሳስካቱን በካናዳ ምዕራባዊ ሜዳ፣ በሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር የምትገኝ ከተማ ናት። በከተማይቱ ዳርቻ በ1988 የተከፈተ አንድ ታላቅ የጨዋታ አዳራሽ አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚሁ አዳራሽ፣ በ1989ና በ2010፣ የአገሩ ሰው የሚደግፋቸው ወጣቶች ለመጨረሻው ድል ተጋጥመው፣ ሁለቱንም ጊዜ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ በገባች በአንዲት ግብ ተሸነፉ። የጨዋታ ታሪክ ጸሐፊዎች በነዚህ ቀኖች የሚመለከቱት ማን እንዳገባና ማን እንደ ተሸለመ ነው። ለባህል ጥናት ግን የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከግቢቱ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች የተሰበሰበው ሕዝብ ቍጣውንና ኀዘኑን በምን ሥርዐት ይመራዋል? ሥርዐቱ በሌለበትስ ቦታ ምን ይከተላል? የሚል ነው።

፩. የጨዋታው ጠባይና ድንገተኛው ፍጻሜ

የበረዶ ላይ ሆኪ ከሥሩ የብረት ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በቈለመመ ዱላ ከጎማ የተሠራች ክብ ዝርግ ነገር ወደ ተቃዋሚ ግብ የሚሰድዱበት ጨዋታ ነው። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው የነገሩን መሠረት ለመረዳት አይቸገርም። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ ሲጋፉ መቈጣት ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፣ የበረዶ ላይ ሆኪም ምንም እንኳ ግጭት የበዛበት ቢሆን፣ ቍጣ የሚቆምበትን ወሰን የሚያመለክት የራሱ ልማድ አለው።

አንድ ጨዋታ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ያላቸው ሦስት ክፍሎች አሉት። በነዚህ ክፍሎች እኩል ከወጡ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣል። በዚህም ጊዜ መጀመሪያ ግብ ያገባው ቡድን ወዲያው አሸናፊ ይሆናል፤ የተገባበት ቡድን መልሶ ለማግባት አንዲት ሴኮንድ እንኳ አይተውለትም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይህ አጨራረስ «ድንገተኛ ሞት» የሚል ስም ወጥቶለታል። በመደበኛው ሰዓት አራት ግብ የተገባበት ቡድን ደጋፊ ሽንፈቱን ቀስ በቀስ እየለመደው ይሄዳል፤ ሰዓቱ ሲያልቅም ልቡ አስቀድሞ ተሰናብቷል። በተጨማሪው ጊዜ ግን ተስፋ ከሙሉ ኀይሉ ሳይቀንስ በአንድ ቅጽበት ይቈረጣል። መርዶ ነጋሪው ሳይመጣ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ የሚደርስ የሞት ወሬ ሰውን እንደሚያስደነግጥ፣ ይህም ሽንፈት የሚያስደነግጠው ስላልተሰናዱበት ነው። ከግቢቱ በኋላ የሚፈጸመው ሥርዐት ከፍ ያለ ዋጋ ያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

፪. ወጣቶቹ የከተማው ልጆች ስለ መሆናቸው

በካናዳ «ጁኒየር» የሚባሉት ቡድኖች ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ናቸው። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ቤት ርቀው ወደ ቡድኑ ከተማ ይመጣሉ፤ በዚያም ፈቃደኛ የሆነ ቤተ ሰብ ተቀብሎ ያሳድራቸዋል፣ ያበላቸዋል። ተማሪ የሆኑት በከተማው ትምህርት ቤት ይማራሉ። በክረምት የሚጓዙት በአውቶቡስ ስለ ሆነ፣ በሰፊው ሜዳ ላይ በሌሊት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መሄድ የኑሯቸው ክፍል ነው። እንዲህ ስለ ሆነ የከተማው ሰው ስለ ተጫዋቾቹ ሲናገር «ልጆቻችን» ይላል። አነጋገሩ ከምሳሌ ያለፈ ነው፤ ምክንያቱም ከተመልካቾቹ መካከል በዚያው ቀን ለተጫዋቹ ምሳ ያቀረበች ሴት ልትኖር ትችላለች።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። የሙያ ተጫዋች ዘንድሮ ቢሸነፍ በሚመጣው ዓመት ሊክስ ይችላል። የወጣቶች ውድድር ግን በ20 ዓመት ግድም ይዘጋል። ስለዚህ በመጨረሻው ጨዋታ የተሸነፈ ልጅ ለብዙ ጊዜ ያሰበውን ነገር ዳግመኛ ላያገኘው አጥቶታል። ደጋፊውም የሚያዝነው ስለ ዋንጫው ብቻ ሳይሆን ስለዚህ የማይመለስ ዕድሜ ጭምር ነው።

፫. የ1989 ሽንፈት፤ ጎረቤት ሲያሸንፍ

የካናዳ ወጣት ቡድኖች የሚወዳደሩበት ከፍተኛው ሽልማት የመታሰቢያ ዋንጫ ይባላል። ዋንጫው በ1919 የተሰጠው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁት ካናዳውያን መታሰቢያ እንዲሆን ነው፤ በ2010ም ለአገሪቱ በጦርነት ለሞቱት ወታደሮች ሁሉ መታሰቢያ እንዲሆን ታውጇል። ስለዚህ ወጣቶች ደስ ብሏቸው የሚያነሡት ይህ ዕቃ ከመጀመሪያው የኀዘን ምልክት ነው።

በ1989 ውድድሩ የተደረገው በሳስካቱን ነበር። ለመጨረሻው ጨዋታ የቀረቡት የከተማይቱ ቡድን ብሌድስና ከዚያው ክፍለ ሀገር የመጣው የስዊፍት ከረንት ከተማ ቡድን ብሮንኮስ ናቸው። መደበኛው ሰዓት 3 ለ 3 አለቀ። በተጨማሪው ጊዜ ቲም ቲስዴል የተባለው የስዊፍት ከረንት ተጫዋች አገባና ጨዋታው 4 ለ 3 ሆኖ ተፈጸመ።

አሸናፊው ግን ለሳስካቱን ሰው ባዕድ አልነበረም። ዲሴምበር 30 ቀን 1986 የስዊፍት ከረንትን ቡድን የጫነው አውቶቡስ ወደ ሬጃይና ሲጓዝ ከመንገድ ወጥቶ አራት ተጫዋቾች ሞተዋል። በ1989 ዋንጫውን ካነሡት መካከል ከዚያ አደጋ የተረፉ ወጣቶች ነበሩ። በክፍለ ሀገሩ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር። ከዚህ የተነሣ የሳስካቱን ደጋፊ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ቀረበለት፤ የራሱ ልጆች ሽንፈትና የኀዘንተኛው ጎረቤት መጽናናት። ሽንፈቱ ቀላል ሆነ ማለት አይደለም። ነገር ግን ከጨዋታው በሚበልጥ ታሪክ ውስጥ ቦታ ተገኘለት፤ ቦታ ያገኘ ኀዘንም ጠላት ለመፈለግ አይቸኩልም።

፬. የ2010 ሽንፈትና የሥርዐቱ ተራ

ጃንዩዌሪ 5 ቀን 2010 በዚያው አዳራሽ ካናዳና አሜሪካ ለዓለም ወጣቶች የወርቅ ሜዳሊያ ተጋጠሙ። ካናዳ ከ2005 እስከ 2009 በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፋ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ የመጣው ስድስተኛውን ለማየት ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው አሜሪካ 5 ለ 3 ትመራ ነበር። በዚህ ጊዜ በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በሬጃይና የተወለደው ጆርዳን ኤበርሊ በተከታታይ ሁለት ግብ አግብቶ 5 ለ 5 አደረገው። በተጨማሪው ጊዜ ግን አሜሪካዊው ጆን ካርልሰን አገባና 6 ለ 5 ተፈጸመ። ካርልሰን ባለፈው የውድድር ዓመት በካናዳ፣ በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር፣ ለለንደን ከተማ ወጣት ቡድን የተጫወተ ነበር። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ደግሞ ከተሸናፊው ወገን ኤበርሊ ሆነ።

በእንዲህ ያለ ፍጻሜ ላይ የሚታየው የነገሮች ተራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ድንጋጤና ዝምታ ይሆናል፤ አሸናፊዎቹ በበረዶው ላይ ተቃቅፈው ሲወድቁ ተሸናፊዎቹ በቆሙበት ያቀረቅራሉ ወይም ይንበረከካሉ። ቀጥሎም ጓደኞቹ ወደ ግብ ጠባቂው ይሄዳሉ። የመጨረሻይቱ ግብ በእርሱ ላይ ስለ ገባች ብቻውን መተው የለበትም፤ ራሱን እየነኩ ያጽናኑታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች በሰልፍ እየተላለፉ አንዱ ከሌላው ጋራ እጅ ይጨባበጣል። ሜዳሊያ ይሰጣል። በመጨረሻም የአሸናፊው አገር ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣና መዝሙሩ ሲሰማ ተሸናፊዎቹ መስመራቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ለመዝሙሩ መቆም ለተመልካቹም የጨዋነት ወግ ነው።

በፈረንሳይ አገር የሠራው ሊቅ አርኖልድ ቫን ጄኔፕ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ልጅ ከአንድ የኑሮ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚፈጽመው ሥርዐት ሦስት ክፍል እንዳለው አስረድቷል፤ እነዚህም መለየት፣ በመካከል መቈየትና ተመልሶ መቀላቀል ናቸው። ከላይ የተገለጸውም ተራ በዚሁ መልክ ሊታይ ይችላል። ዝምታው ከተስፋ መለየት ነው። የእጅ መጨባበጡ ሰልፍ፣ ጠላትነቱ አልቆ ወዳጅነቱ ገና ያልተጀመረበት መካከለኛ ጊዜ ነው። ለሌላው ሕዝብ መዝሙር መቆም ደግሞ እንደገና ሰው ከሰው ጋራ መቀላቀል ነው። ድንገተኛው ፍጻሜ የነሣውን ጊዜ ሥርዐቱ መልሶ ይሰጣል፤ ደጋፊው በግቢቱ ቅጽበት ያላገኘውን የመሰናበቻ ሰዓት ከግቢቱ በኋላ ያገኘዋል።

በዚህ መካከል እጅግ አስቸጋሪው የብር ሜዳሊያ ነው። ሦስተኛ የሚወጣው ቡድን የነሐሱን ሜዳሊያ የሚያገኘው የመጨረሻ ጨዋታውን አሸንፎ ነው፤ ሁለተኛ የሚወጣው ግን የብሩን የሚቀበለው ተሸንፎ፣ ያውም ከተሸነፈ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። በ2018 በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ የስዊድን ቡድን አምበል ሊያስ አንደርሰን የብር ሜዳሊያውን ወደ ተመልካቹ መወርወሩ፣ ሥርዐቱ በዚህ ቦታ ከወጣቶቹ ጉልበት በላይ የሚጠይቅ መሆኑን ያሳያል።

፭. ሥርዐቱ የማይደርስበት ቦታ

አዳራሹ ለዚህ ክፍለ ሀገር ሕዝብ የጨዋታ ቦታ ብቻ አይደለም። ኤፕሪል 6 ቀን 2018 ከሳስካቱን በስተምሥራቅ ያለችው የሀምቦልት ከተማ ወጣት ቡድን አውቶቡስ ከጭነት መኪና ጋራ ተጋጭቶ 16 ሰዎች ሲሞቱ፣ የከተማው ሰው ለጸሎትና ለለቅሶ የተሰበሰበው ቡድኑ በሚጫወትበት አዳራሽ ነበር፤ በመላው አገርም ሰዎች የሆኪ ዱላ በየደጃፋቸው አቁመው ኀዘናቸውን ገለጡ። እውነተኛውን ሞት በዚያው ጣራ ሥር ያለቀሰ ሕዝብ፣ የጨዋታን ሽንፈት ሲያዝን ልኩን የሚያውቅበት ምክንያት አለው።

ነገር ግን የዛሬ ደጋፊ ሁሉ በአዳራሹ ውስጥ አይደለም። ጃንዩዌሪ 2 ቀን 2019 በቫንኩቨር ከተማ ካናዳ ከፊንላንድ ጋራ በሩብ ፍጻሜ ተጋጥማ በተጨማሪው ጊዜ 2 ለ 1 ተሸነፈች። በዚያው ተጨማሪ ጊዜ የ19 ዓመቱ የካናዳ አምበል የተሰጠውን የፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ነበር። ከጨዋታው በኋላ በማኅበራዊ መገናኛ ገጹ ላይ ብዙ ስድብ ወረደበት። ስድቡ በአገሪቱ ጋዜጦች ተነቅፏል፤ ወጣቱን የደገፉም ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ለጥናት የሚጠቅመው ግን በዚህ ነው፤ ተሳዳቢው ልጁ አቀርቅሮ ሲያለቅስ በአጠገቡ ሆኖ አላየውም፤ በዙሪያው ቆመው የሚያጨበጭቡ ጎረቤቶችም አልነበሩትም፤ እጅ ሲጨባበጡ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ ያስገደደው ወግ የለም። ሽንፈቱ ደርሶታል፤ ሥርዐቱ ግን አልደረሰውም። ስለዚህ ኀዘኑ ወደ ቍጣ ተለውጦ አንድ ተጠያቂ ፈለገ፤ ያገኘውም በደለኛ ሳይሆን አንድ ወጣት ነው።

በሌላ በኩል «ልጆቻችን» የሚለው ቃል በራሱ ጥበቃ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። በ1989 የስዊፍት ከረንትን ቡድን ለድል ያበቃው አሠልጣኝ፣ በእጁ የነበሩ ወጣት ተጫዋቾችን በወሲብ ማስነወሩን አምኖ በ1997 የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶበታል። በዚያ የድል ሌሊት በአዳራሹ ካጨበጨቡት መካከል አብዛኞቹ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ድርጊቱ የሚያስተምረው፣ ሕዝብ ወጣቶቹን በድልና በሽንፈት ጊዜ በሚያያቸው ዐይን ብቻ ካያቸው ብዙ ነገር እንደሚሰወርበት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል። ደጋፊ በወጣቶች ሽንፈት ማዘኑ ሞኝነት ወይም የሥልጣኔ ጕድለት አይደለም፤ አብሮ የማደግና አብሮ የመኖር ምልክት ነው። ቁም ነገሩ ግን የኀዘኑ ብዛት ሳይሆን፣ ከመጨረሻይቱ ግብ በኋላ ባለችው ደቂቃ የሕዝቡ ፊት ወዴት ይዞራል የሚለው ነው፤ ሊያጽናኑት ወደሚገባው ልጅ ወይስ ሊከሱት ወደሚፈልጉት ሰው? በአዳራሹ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ከብዙ ጊዜ የቈየ ወግ አለ። ጨዋታውን ከሩቅ ሆኖ ለሚከታተለው እጅግ ለሚበዛው ሕዝብ ግን እንዲህ ያለ ወግ ገና አልተሠራለትም፤ እስኪሠራለትም ድረስ የሚከፍሉት እነዚያ በ18ና በ19 ዓመታቸው በበረዶው ላይ የሚቆሙት ወጣቶች ናቸው።